ታዛዡ ሎሌ
(ስለ ሰርቮ ታሪክና ለሄሊኮፕተር አምሳያ ስለ መምረጡ)

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



ዘንድሮ በኅዳር ወር በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ክፍል ውስጥ የደረሰውን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ወሬው ካፍ ወዳፍ ሲተላለፍ እየገዘፈ ሄዶ «የተማሪዎቹ ሄሊኮፕተር ጣራውን በስቶ ወጣ» እስከ መባል ደርሷል። ጣራውስ ደኅና ነው። የሆነው ነገር እንዲህ ነው። አንድ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪ ከውጭ አገር ሲመለሱ ለክበባችን የሰጡት አንድ የሄሊኮፕተር አምሳያ ነበረ። ላዩ ላይ የሚዞረው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ስላልነበረን ከከባድ ጠረጴዛ ጋር አስረን ሞተሩን ብቻ ልንፈትን አስነሣነው። ክንፉ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ያህል መዞር በጀመረ ጊዜ፣ ከሥሩ ሆነው ክንፉን ከሚያዘነብሉት ሦስት ትናንሽ ሞተሮች የአንደኛው ጥርስ ረገፈ። ክንፉ ወደ አንድ ወገን ተንጋዶ የገዛ ጅራቱን መታ። ስባሪው በአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ራስ ላይ አልፎ በሩ ላይ ተሰካ።

በኋላ በወረቀት ላይ ሳሰላው ያ የክንፍ ጫፍ በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ልጁ በአንድ ስንዝር ቢረዝም ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ድፍረት ባላገኘሁም ነበር።

እነዚያን ትናንሽ ሞተሮች መርጬ የገዛሁ እኔ ነበርሁ። ርእሰ መምህራችን ክፍሉን ቈልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «እነዚህን ለምን መረጥህ?» አሉኝ። «ርካሽ ስለ ሆኑ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም «እንግዲያው የተሻለ መልስ ስታገኝ ተመለስ» ብለው ሄዱ። ይህ ጽሑፍ መልሱን ፍለጋ የሄድሁበት መንገድ ነው። መንገዱም ካሰብሁት ይልቅ ረጅም ሆኖ ከመርከብ ጀምሮ ጉለሌ ተራራ ላይ አደረሰኝ። የውጭ አገሩን ነገር ስናገር ዓመተ ምሕረቱን በኤውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችንን ስናገር በራሳችን አቈጣጠር እንደ ጻፍሁት አንባቢው ያስተውልልኝ።

እነዚያ ሞተሮች ሰርቮ ይባላሉ። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፤ ባሪያ ወይም አገልጋይ ማለት ነው። እኔ ግን ሎሌ ብለው ይሻለኛል፤ ምክንያቱም ሎሌ የሚላከው ዐዋቂ ሆኖ ነው። ተራ ሞተር መብራት ሲሰጡት ይዞራል፣ ሲነሡት ይቆማል፤ የት እንደ ደረሰ አያውቅም። ሰርቮ ግን በሆዱ ውስጥ አራት ነገሮች አሉት። አንድ ትንሽ ሞተር፣ ፍጥነቱን ወደ ጕልበት የሚለውጡለት የማርሽ ጥርሶች፣ ክንዱ የት እንደ ደረሰ የሚነግረው ፖቴንሽዮሜትር የሚባል መለኪያ፣ እንዲሁም ትእዛዙንና መለኪያውን የሚያስተያይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዳኛ ነው። ጌታው «20 ዲግሪ ወደ ቀኝ» ሲለው ሞተሩ ይነሣል፤ ዳኛው ክንዱንና ትእዛዙን እያነጻጸረ ልዩነቱ እስኪጠፋ ድረስ ይነዳዋል። ከዚያ በኋላ ነፋስ ወይም ሸክም ክንዱን ቢገፋበት ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የተላከበትን አድርሶ፣ አደረስሁ ብሎ፣ በቦታው ቆሞ የሚጠብቅ ሎሌ እንግዲህ ይህ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ትልቅ መርከብ በትንሽ መሪ እንደምትመራ ይጠቅሳል። በጠዋት ጸሎት ላይ ይህ ክፍል በተነበበ ቍጥር እኔ የማስበው መሪውን ስለ ያዘው ሰው ክንድ ነበር። በእርግጥም በሐዋርያው ዘመን የሰው ክንድ ይበቃ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ ግን እንግሊዞች 211 ሜትር የምትረዝመውን ግሬት ኢስተርን የተባለች የብረት መርከብ ሠሩ። በማዕበል ጊዜ የዚያችን መርከብ መሪ ለማዞር ብዙ መርከበኞች መረባረብ ነበረባቸው። ስለዚህ በ1860ዎቹ ማክፋርሌን ግሬይ የተባለ መሐንዲስ በእንፋሎት የሚሠራ መሪ አበጀላት። መርከበኛው ትንሿን መዘውር ሲያዞር የእንፋሎቱ ሞተር ትልቁን መሪ ያዞራል፤ መሪው የተፈለገው ቦታ ሲደርስ ራሱ የእንፋሎቱን በር ይዘጋል። የነገሩ ቁልፍ ይኸው በሩን ራሱ መዝጋቱ ነው። በዚያው ዘመን ዦዜፍ ፋርኮ የተባለ ፈረንሳዊ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ደክሞ በ1873 ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳተመ። ለመሣሪያው «ሰርቮ ሞተር» የሚል ስም ያወጣለትም እርሱ ነው። በመዳፌ ላይ ዘጠኝ ግራም የሚመዝነው የፕላስቲክ ሣጥን የመርከብ ዘር መሆኑን ሳውቅ በመጠኑ አፈርሁ። እኔ በዋጋው ብቻ ነበር የማውቀው።

ከሩቅ ሆኖ በራዲዮ ማዘዝ የተጀመረው በ1898 ነው። በዚያ ዓመት ኒኮላ ቴስላ ኒው ዮርክ ላይ በብዙ ሕዝብ ፊት አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ ነዳ። በ1937 ደግሞ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች በሚሺጋን ክፍለ ሀገር በራዲዮ የሚታዘዝ የአውሮፕላን አምሳያ አበረሩ። ነገር ግን በዚያን ዘመንና ከዚያም በኋላ በነበሩት ብዙ ዓመታት የአምሳያዎች ሎሌ አእምሮ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል የሚሠራ አንድ ፈቺ ነበር፤ ራዲዮው አንድ ምት ሲልክ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ሌላ ሲልክ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ይሄዳል። መካከለኛ የሚባል ነገር የለም። አውሮፕላን ይህን ይችላል፤ ክንፉ ዘርግቶ ስለሚይዘው ስሕተትን ይታገሣል። ሄሊኮፕተር ግን አይታገሥም። በአየር ላይ መቆሙ በራሱ በእያንዳንዷ ሴኮንድ የሚደረግ እርማት ነው፤ «ሙሉ ቀኝ» ብቻ የሚያውቅ ሎሌ ካለው ወዲያው ይገለበጣል።

እዚህ ላይ ስለ አርተር ያንግ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልቤን የነካው እርሱ ነው። ያንግ አሜሪካዊ ነበር። ከ1928 ጀምሮ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሄሊኮፕተር አምሳያ ብቻ እየሠራ፣ እየሰበረ፣ እንደ ገና እየሠራ ኖረ። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ፣ ከመሬት በሽቦ የሚታዘዙ ትናንሽ ነገሮች ነበሩ። ሰው እንደ ጨዋታ ሊያይበት ይችል ነበር። ከብዙ ስባሪ በኋላ በክንፉ ሥር ሁለት ጫፉ ላይ ክብደት ያለው አንድ ዘንግ ቢያስር፣ ዘንጉ እንደ እንዝርት ሚዛኑን ጠብቆ ክንፉንም እንደሚያረጋጋለት አገኘ። በ1941 አምሳያውን ይዞ ወደ ቤል የአውሮፕላን ኩባንያ ሄዶ እዚያው አበረረላቸው፤ እነርሱም ሥራ ሰጡት። መጋቢት 8 ቀን 1946 በአሜሪካ ለሲቪል አገልግሎት የመጀመሪያውን የሄሊኮፕተር ፈቃድ ያገኘው ቤል 47 የዚያ ዘንግ ልጅ ነው። እንግዲህ አምሳያው የትልቁ ጥላ አይደለም ማለት ነው፤ በዚህ ታሪክ ትልቁ ነው የአምሳያው ጥላ የሆነው። በክበባችን ላይ «መጫወቻ ነው» ብለው ለሚስቁ ጓደኞቼ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈለግሁም።

ስታንሊ ሂለር የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ደግሞ የገዛ ሄሊኮፕተሩን ሠርቶ በ1944 ሲያበርር ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። ከእኔ የሚበልጠው በአንድ ዓመት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ባላስበው ይሻለኛል። ሂለር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በያንግ ዘንግ ፈንታ ጫፉ ላይ ሁለት ትናንሽ መቅዘፊያዎች ያሉትን ዘንግ ሥራ ላይ አዋለ። አብራሪው የሚያዘነብለው እነዚህን ትናንሽ መቅዘፊያዎች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አየሩ ራሱ በመቅዘፊያዎቹ በኩል ትልቁን ክንፍ ያዘነብለዋል። የሎሌ ሎሌ ልንለው እንችላለን። ይህ የሂለር ብልኃት ከዚህ በታች ለምናገረው ነገር በጣም ያስፈልገናልና አንባቢው እንዳይረሳው እለምናለሁ።

ያገራችንን ነገር ያየን እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጣው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እዚሁ አዲስ አበባ የሠራት «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በረረች። ኢጣልያኖች ወስደው በቤተ መዘክራቸው ካቆዩዋት በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። በነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ ሎሌ አልነበረም፤ የአብራሪው የገዛ ክንድ በገመድና በዘንግ አድርጎ መሪውን ይጐትት ነበር። ሎሌ ያለው ማሽን በተራሮቻችን ላይ የታየው በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት ስምምነት የአገራችን ካርታ ሲነሣ፣ ሂዊ የሚባሉት ሄሊኮፕተሮች ቀያሾችን ወደ ተራራ ራስ ያመላልሱ ነበር። በነዚህ ሄሊኮፕተሮች ውስጥ አብራሪውን በዘይት ግፊት የሚሠሩ ሰርቮዎች ይረዱታል። ከዚህ ዘመን ሽማግሌዎች ጋር የሚነጋገር ተማሪ ቢገኝ ብዙ ታሪክ የሚያመጣ ይመስለኛል።

የራዲዮ ሄሊኮፕተር አምሳያን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያበረረው ዲተር ሽሉተር የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን ዘመኑ የ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1970 በሰኔ ወር አምሳያውን ወደ 28 ደቂቃ ያህል አቆይቶ 11 ኪሎ ሜትር ተኩል አስጓዘው። ሽሉተር ሌሎች ባልተሳካላቸው ሥራ የተሳካለት ብልህ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም። በነዚያው ዓመታት የራዲዮው ሎሌ አእምሮ አግኝቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካውያን ትእዛዙን በምት ርዝመት የሚልኩበትን መንገድ ሠሩ፤ ይኸው መንገድ በመሠረቱ እስከ ዛሬ ይሠራል። በሴኮንድ 50 ጊዜ አንድ ምት ይላካል። ምቱ የአንድ ሴኮንድ 1.5 ሺኛ ከረዘመ «መካከል ላይ ቁም» ማለት ነው፤ ወደ 1 ሺኛ ቢያጥር ወደ አንድ ወገን፣ ወደ 2 ሺኛ ቢረዝም ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። በመካከሉ ያለው ርዝመት ሁሉ የራሱ ቦታ አለው። እንግዲህ ሎሌው «ጥቂት» የሚለውን ቃል ተማረ፤ ሄሊኮፕተርም የሚበረው በዚያ ቃል ነው።

የሽሉተር አምሳያ የሂለር መቅዘፊያ ነበረው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰርቮ ሸክሙ ቀላል ነበር፤ መቅዘፊያዎቹን ያዘነብላል፣ የቀረውን አየሩ ይሠራለታል። የእኛ አምሳያ ግን መቅዘፊያ የለውም። ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት ዘንጉን አውጥተው ማረጋጋቱን ለኤሌክትሮኒክ ጂሮ ሰጡት። ሄሊኮፕተሩ ቀለለ፣ አማረ። የሎሌው ሎሌ ግን ተሰናበተ፤ የክንፉ ሸክም በሙሉ በቀጥታ በሦስቱ ሰርቮዎች ጫንቃ ላይ ወደቀ። እኔ ይህን ሳላውቅ ለቀላል የአረፋ አውሮፕላን የተሠሩትን የፕላስቲክ ጥርስ ሰርቮዎች ገዛሁ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ እኔም ለምን እንደምፈልጋቸው አልነገርሁትም።

በሣጥኑ ላይ 1.8 የሚል ቍጥር ነበረ፤ 1.8 ኪሎ ማለት መስሎኝ ረካሁ። ትርጉሙ ግን ክንዱ ከመዞሪያው አንድ ሳንቲ ሜትር ርቆ 1.8 ኪሎ ሲንጠለጠልበት ሰርቮው ተሸንፎ ይቆማል ማለት ነው። ክንዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሆነ 0.9 ኪሎ ይበቃዋል። ያውም ሊሠራበት የሚችለው ሳይሆን የሚሸነፍበት ቍጥር ነው። ሰው ወደ ገበያ ሄዶ አህያ ሲገዛ «ስንት ኪሎ ሲጫንባት ትወድቃለች?» ብሎ አይጠይቅም። ከአደጋው የተረፉትን ሁለቱን በጠረጴዛ ላይ ፈተንናቸው፤ በሁለት ሳንቲ ሜትር ክንድ ላይ ግማሽ ኪሎ ስኳር አንሥተው ለአንድ ደቂቃ ሲይዙ ጋሉ፣ አንድ ኪሎ ግን ሊያነሡ አልቻሉም።

በጥር ወር የሥነ ሕይወት አስተማሪያችን ክፍላችንን ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወሰዱን። ማዕከሉ በሰሜን አዲስ አበባ ከእንጦጦ ሥር 705 ሄክታር ይሸፍናል፤ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። በባሕር ዛፍ ተይዞ የነበረውን ተራራ አገር በቀል ዛፍ እየተከሉ ይመልሱታል። እኛም ጽዱንና ወይራውን እየጻፍን ሽቅብ ስንወጣ ሁላችንም ማለክለክ ጀመርን። አስተማሪያችን ቆም ብለው «የምትተነፍሱት አየር ስለ ሳሳ ነው» አሉ። በዚያን ጊዜ ነው የተቈለፈው ክፍል ትዝ ያለኝ። እኔ በመጽሐፍ ያነበብሁት ቍጥር ሁሉ በባሕር ጠረፍ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ነበር። የኛ ክንፍ የሚገፋው የትኛውን አየር ነው?

አንድ ጓደኛዬ ስልኩ የአየር ግፊት ስለሚለካ አወጣው፤ 745 ሄክቶፓስካል ገደማ አሳየ። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ 20 ዲግሪ ይሆናል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አሰላነው። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር በተለመደው ቀን 1,225 ግራም ይመዝናል፤ እኛ በተቀመጥንበት ቦታ ግን 885 ግራም ያህል ነው። ከመቶ 72 ማለት ነው። የሄሊኮፕተሩ ክብደት ግን ወደ ጉለሌ ስለ ወጣ አይቀንስለትም። ስለዚህ ያንኑ ሸክም ለማንሣት ሁለት መንገድ አለው። ወይ ክንፉ ይበልጥ ይፍጠን፤ 2,500 ይዞር የነበረው ወደ 2,940 ይድረስ። ወይ በዚያው ፍጥነት እየዞረ ይበልጥ ይዘንብል፤ አምስት ዲግሪ የነበረው ሰባት ያህል ይሁን።

ታዲያ ለሎሌው የትኛው ይቀለዋል? አብሮኝ የተቀመጠው ጓደኛዬ «ፍጥነቱ የዋናው ሞተር ጣጣ ነው፤ ሰርቮውን ምን ያገባዋል?» አለ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ዘንበል ያለ ጠፍጣፋ ክንፍ ሲሽከረከር ባሕርይው አግድም ተኝቶ መዞር ነው፤ ዘንበል ያደረጉትን ሁሉ ሊያስተካክለው ይታገላል። ትግሉም በፍጥነቱ ካሬ ልክና በማዘንበሉ ልክ ይጨምራል። ክንፉን ብናፈጥነው የፍጥነቱ ካሬ በ38 በመቶ ያድጋል፤ በማፍጠን ፈንታ ብናዘነብለውም ማዘንበሉ በዚያው 38 በመቶ ያህል ያድጋል። በየትኛውም መንገድ ብንሄድ ሎሌው የሚታገለው ይህ ኃይል በባሕር ጠረፍ ካለው ወንድሙ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይበልጥበታል። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፤ አስተማሪያችንም አይተው «ልክ ነው» አሉኝ። በጅራቱ በኩል ያለው ነገርም ያው ነው፤ ትንሿ የጅራት ክንፍ በሳሳ አየር ውስጥ ይበልጥ መዘንበል አለባት። በዚህም ላይ ሞተርን የሚያበርደው አየር ሲሳሳ ሰርቮው ቶሎ ይግላል።

በዚያ ቀን ሄሊኮፕተር ይዘን አልሄድንም፤ ቢኖረንም አናነሣውም ነበር። ቦታው የዛፍና የወፍ ነው። ነገር ግን አንድ የክፍሌ ልጅ ከአያቱ አጥር የለቀመውን የቆንጥር ፍሬ ከደብተሩ መካከል አወጣ። አንድ ክንፍ ያለው ቀይ ፍሬ ነው፤ ከእጁ ሲለቀው እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ ወረደ። ሎሌ የለውም፤ የሚያዝዘውም የለም፤ የሚወርደው ነፋስ ወደ ወሰደው ነው። እኛ የምንፈልገው ወደ ፈለግንበት እንዲሄድ ነውና ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው ልምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ የሦስቱ ሰርቮዎች መመሳሰል ነው። ክንፉ የሚዘነብለው ስዋሽፕሌት በሚባል ክብ ሳሕን አማካይነት ሲሆን ሦስቱ ሰርቮዎች ሳሕኑን በሦስት ማዕዘን ተሸክመውታል። ወደ ላይ ሲገፉት እኩል መግፋት አለባቸው፤ አንዱ ቢዘገይ ሳሕኑ ያልታዘዘውን ያዘነብላል። ገበሬ ወይፈንን ከአሮጌ በሬ ጋር አይጠምድም። እኔ ግን ሁለቱን አንድ ቀን፣ ሦስተኛውን በሌላ ሳምንት ከሌላ ሱቅ የገዛሁ ነኝ።

ጕልበቱን በተመለከተ፣ በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ሲሶውን ብቻ እንደ እውነተኛ ሥራ ቈጥረን ለመግዛት ተስማማን፤ በላዩ ላይ የጉለሌን 38 በመቶ ጨመርንበት። በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ቍጥር በስንት ቮልት እንደ ተለካም ማየት ያስፈልጋል። በ4.8፣ በ6 እና በ7.4 ቮልት የሚገኘው ጕልበት የተለያየ ነው፤ ለ6 ቮልት የተሠራውን ደግሞ ሁለት ሴል ካለው የሊትየም ባትሪ ጋር በቀጥታ ቢያገናኙት 8.4 ቮልት ይደርስበትና ይቃጠላል። ዲጂታል የሚባለው ዓይነት ሞተሩን በሴኮንድ 50 ጊዜ በመግፋት ፈንታ 300 ጊዜ ያህል ስለሚገፋው ቦታውን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ብዙ መብራት ይበላል። አራት ዲጂታል ሰርቮ በአንድ ጊዜ ሲጐትቱ መብራት አቀባዩ ደካማ ከሆነ ራዲዮው ራሱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሎሌዎቹ ቢበረቱም ጌታው ሞቷል።

ስለ ጥርሱ በክበባችን ብዙ ተከራከርን። ብረት ይሻላል የሚለው ሐሳብ አሸነፈ፤ እኔም ደገፍሁት፤ በሩ ላይ ያለው ጠባሳ ያስገድደኛል። ሆኖም ብረት ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። የብረት ጥርስ ሲያረጅ ይላላል፣ ክንዱም መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ጥሩ ፕላስቲክ አዲስ ሳለ ከብረት ይልቅ ሳይላላ ይያያዛል። መውጫ ዘንጉ በኩሽኔታ ላይ መዞሩንም ማረጋገጥ ይገባል፤ ኩሽኔታ የሌለው በጥቂት ሰዓት ሥራ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የዘንጉ ጫፍ ጥርሶች ቍጥር እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ በመደበኛው መጠን በአንዱ 25፣ በሌላው 24፣ በሦስተኛው 23 ነው። የአንዱን ክንድ በሌላው ላይ በግድ የሚያስገባ ሰው ብሎኑን በካቻቢቴ አጥብቆ ደኅና የገባ ይመስለዋል፤ ክንዱ የሚንሸራተተው ግን ሸክም ሲመጣ ነው።

የጅራቱ ሰርቮ ለብቻው ነው የሚመረጠው። እርሱ ከጕልበት ይልቅ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ጂሮው በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ያዝዘዋልና። ቢዘገይ ጅራቱ እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል። በሣጥኑ ላይ 60 ዲግሪ ለመሄድ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ይጻፋል፤ ለጅራት 0.05 አካባቢ ጥሩ ነው፣ የእኛ አሮጌዎቹ 0.12 ነበሩ። አንዳንድ የጅራት ሰርቮ ደግሞ መካከለኛ ምቱ የ1.5 ሺኛ ግማሽ ያህል፣ 0.76 ሺኛ ብቻ ነው። ጂሮውን ለዚህ አዘጋጅቶ ተራ ሰርቮ የሚያያይዝበት ሰው ሰርቮውን ይጥለዋል።

በወላጆች ቀን ሻይና ብስኩት ሸጠን ባገኘነው ገንዘብ በሚያዝያ ወር አራት ሰርቮ ገዛን። ሦስቱ አንድ ዓይነት፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን የተገዙ፣ ብረት ጥርስና ኩሽኔታ ያላቸው ሲሆኑ በ6 ቮልት ከ3 ኪሎ በላይ በአንድ ሳንቲ ሜትር ይይዛሉ። አራተኛው ለጅራት ነው። ከመግጠማችን በፊት በሣጥናቸው ላይ የተጻፈውን ሳናምን ፈተንናቸው። አንድ ኪሎ ስኳር በሁለት ሳንቲ ሜትር ክንድ ላይ አነሡ፤ ለአንድ ደቂቃ ይዘው ሲቆዩም በእጅ የሚያስነካ ሙቀት ብቻ ነበራቸው። ፍጥነታቸውን በስልክ ለካን፤ በሴኮንድ 240 ሥዕል የሚያነሣ ስልክ ካለ፣ 60 ዲግሪው በስንት ሥዕል እንደ ተፈጸመ መቍጠር ነው። የጅራቱ በ13 ሥዕል ጨረሰ፤ ወደ 0.054 ሴኮንድ ማለት ነው። በሣጥኑ ላይ 0.05 ነበር የተጻፈው፤ ይህን ያህል ውሸት ይቅር ይባላል።

ይህን ሁሉ በወረቀት አድርጌ ለርእሰ መምህራችን ባቀረብሁ ጊዜ እስከ መጨረሻው አንብበው ሁለት ነገር አዘዙ። ጠረጴዛው በሽቦ ወንፊት ይከለል፤ ከበሩም ይራቅ። ከዚያ ቁልፉን ሰጡኝ። በግንቦት ወር መጀመሪያ ሄሊኮፕተሩን እንደ በፊቱ አስረን ለሃያ ደቂቃ አዞርነው፤ በመጀመሪያ ያለ ክንፍ፣ ቀጥሎ በክንፍ። ሳሕኑ አልተንጋደደም። የማብረሩን ፈቃድ ገና እየጠየቅን ነው።

ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ አሁን የክበባችን አባል ሆኖ ሰዓት የሚይዝልን እርሱ ነው። ሥራውን በደንብ ይሠራል። ብቻ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ሁልጊዜ ወደ በሩ ዞሮ ያችን ጠባሳ አይቶ ራሱን ከቁመቷ ጋር ይለካል።